ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ

የድልድሉ ዝርዝር የተለጠፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ለመውጣት ቦርሳውን ሲያነሳ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከሰው ሀብት አስተዳደር ቢሮ በር አጠገብ ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሰው ተደራርቦ ቆመ። ከፊት ያሉት ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ይፈልጋሉ፤ ከኋላ ያሉት ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፎቶ ያነሳሉ። ስሙን ያገኘ ዝም ብሎ ይወጣል። ደስ ያለውም ቢሆን ድምፁን አያሰማም፤ አጠገቡ የቆመው ባልደረባው ምን እንደደረሰው አያውቅማ።

መዝገብ ቤት ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት እናት ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስማቸው የተገኘው ለብቻዋ በተለጠፈች አንዲት ገጽ ላይ ነው፤ ያልተደለደሉ ሠራተኞች የሚል ርእስ አላት። ሠራተኛው እነዚህን ሰዎች ተንሳፋፊ ይላቸዋል። ቀጥ ብለው ወደ ሰው ሀብት ገቡ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ሲያያቸው ብድግ አለ፤ ሲቀጠር የግል ማህደሩን የከፈቱለት እሳቸው ናቸው።

“እትዬ፣ እኔ ምንም የማውቀው የለም። ኮሚቴው ነው የሠራው።”

“አውቃለሁ ልጄ። ነጥቤ ስንት ነው?”

“ነጥቡ አልተለጠፈም።”

“እሺ፣ ያልተመደብኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ።”

ወጣቱ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሰብስቦ አስተካከለ። “ለእሱ እንኳን ሰኞ ኃላፊውን ቢያነጋግሯቸው ይሻላል።”

ስለ መንግሥት ሠራተኛ ሪፎርም ስብሰባው፣ ሥልጠናውና መፈክሩ ብዙ ነው። የእኚህ እናት ጥያቄ ግን ከሁሉም በላይ የሪፎርሙን ፍትሐዊነት የሚፈትን ይመስለኛል። ከሥራዬ ስነሳ ምክንያቱ ይነገረኛል ወይ? መልስ እንድሰጥ ዕድል አገኛለሁ ወይ? ያነሳኝ ሰው ራሱ ዳኛዬ ካልሆነ በቀር፣ አቤት የምለው ለማን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአገራችን የመንግሥት ሥራ ለዘመናት በደጅ ጥናት ይገኝ ነበር፤ የሚታጣውም በሹም ፊት መጥቆር ነበር። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን በማዕከል የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ደንብ ወጣ፤ ቅጥር በውድድር፣ ዕድገት በችሎታ፣ ቅጣት በሥርዓት እንዲሆን ታሰበ። ሐሳቡ ቀላል ሆኖ ከባድ ነው፤ ሠራተኛው የሹሙ አሽከር ሳይሆን የሕግ ሠራተኛ ነው የሚል። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ይህ ሐሳብ ግን በእያንዳንዱ ሕግ ውስጥ ደጋግሞ ተጽፏል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም በአምስት ንዑሳን ፕሮግራሞች ተጀመረ፤ የሰው ሀብት ሥራ አመራር፣ አገልግሎት አሰጣጥና ሥነ ምግባር ከእነዚህ ይገኙበታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ1994 ዓ.ም. በቁጥር 262፣ በ1999 ዓ.ም. በቁጥር 515፣ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1064፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 1353 ወጣ። በመካከሉ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ ቀጥሎም ሥራዎችን በነጥብ መዝኖ በ22 ደረጃዎች የመደበው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ (ጄኢጂ) ተተገበረ። ከእነዚህ ውስጥ መዋቅር የነኩት ሁሉ ድልድል አስከትለዋል፤ ድልድል በመጣ ቁጥር ደግሞ አንድ ተንሳፋፊ የሚል ገጽ አይጠፋም።

ለውጥ አያስፈልግም የሚል ሰው ግን በቅርቡ ክፍለ ከተማ ሄዶ ጉዳይ አልጨረሰም ማለት ነው። ሲስተም የለም ተብሎ የተመለሰ፣ ፋይልዎ አልተገኘም የተባለ፣ ሻይ ቡና እንዲል በዓይን የተጠየቀ ባለጉዳይ ለመንግሥት ሠራተኛው ቢራራ ይገርመኛል። ንዴቱ እውነተኛ ነው። ሥራውን የማይሠራ ሰው ወንበር ይዞ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ጥበቃም ጥበቃ አይባልም።

ነገር ግን ባለጉዳዩ ከሠራተኛው የሚፈልገው ምንድን ነው? ደንቡ የሚለውን እንዲያደርግለት ነው። አለቃው በአንድ ደብዳቤ ሊያስወጣው የሚችል የመሬት ባለሙያ፣ “ይህን ካርታ ለእገሌ አዘጋጅ” ሲባል “ደንቡ አይፈቅድም” ለማለት አቅም የለውም። ልጆቹን የሚያሳድግበት ደመወዝ በአለቃው ፊት የተንጠለጠለበት ኦዲተር የጎደለውን ገንዘብ ጎድሏል ብሎ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ያስባል። የሠራተኛው ዋስትና በመጨረሻ የሚጠብቀው ባለጉዳዩን ነው። ይህንን ግንኙነት ያልተረዳ ሪፎርም ሙስናን ሊዋጋ ተነስቶ የሙስናን በር ሲከፍት አይተናል።

ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የገቢዎችና ጉምሩክ ነው። በ2000 ዓ.ም. የገቢዎች ሚኒስቴር፣ የጉምሩክ ባለሥልጣንና የፌዴራል አገር ውስጥ ገቢ ባለሥልጣን ተዋሕደው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተቋሙን ሠራተኞች የሚያስተዳድር ደንብ ቁጥር 155/2000 አወጣ። የደንቡ አንቀጽ 37 ለዋና ዳይሬክተሩ የሰጠው ሥልጣን በሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተለመደ አልነበረም፤ አንድ ሠራተኛ በሙስና ተጠርጥሮ እምነት ከታጣበት፣ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተሉ ማሰናበት ይቻል ነበር። ቀጥሎም በዚህ መንገድ የተሰናበተ ሠራተኛ በየትኛውም የፍትሕ አካል ውሳኔ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አይኖረውም ይል ነበር።

ይህን አንቀጽ ደጋግመው ያንብቡት። ሙስና መፈጸሙ መረጋገጥ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። የጥርጣሬው ማስረጃ ለሠራተኛው እንዲታይ አይጠይቅም። ሠራተኛው በፍርድ ቤት ክስ ቢመሠረትበትና ነፃ ቢወጣ እንኳ ወንበሩ አይመለስለትም። ወንጀለኛ የተባለ ሰው ጠበቃ ያቆማል፣ ምስክር ይጠይቃል፣ ይግባኝ ይላል። እምነት የታጣበት የጉምሩክ ፈታሽ ግን እነዚህ ሁሉ አልነበሩትም። የሚደርሰው ጥቂት መስመር ያለው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውም ሥራውን ብቻ አልነበረም የሚወስደው፤ ሠፈር ውስጥ፣ ዕድር ውስጥ፣ ቀጣዩ ቀጣሪ ፊት ሌባ የሚል ስም ይሰጥ ነበር። ያንን ስም የሚያጠራለት ዳኛ አልነበረም።

የደንቡን ዓላማ የሚደግፉ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም፤ እሱንም በአግባቡ ማስቀመጥ ይገባል። ጉምሩክ ላይ ገንዘብ በእጅ በእጅ ይሄዳል፣ ማስረጃ አይተውም፣ ምስክር የሚሆነው ነጋዴ ራሱ ተጠቃሚ ነው። በተለመደው ሥርዓት አንድ ሌባ ለማስወጣት ዓመት ይፈጃል። እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሥርዓቱን ማፍጠን ነበር እንጂ ሥርዓቱን ማጥፋት አልነበረም። ያለ ምክንያት የማባረር ሥልጣን ሌባውንና “አይሆንም” ያለውን ሐቀኛ አይለይም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ለአለቃ የማይመቸው ሐቀኛው ነው።

የተሰናበቱ ሠራተኞች ዝም አላሉም፤ ጉዳያቸውን እስከ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አድርሰዋል። የክርክራቸው መሠረትም ቁጥሩ ከደንቡ አንቀጽ ጋር የገጠመ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት አለው ይላል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ተቋሙን ከምሥረታው ጀምሮ የመሩት ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የሚኒስትር ማዕረግ ስለነበራቸው ጉዳያቸው በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ቢባል ይግባኝ የሚሉበት የበላይ ፍርድ ቤት አይኖርም። ይህ ጥያቄ በአጣሪ ጉባኤው በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ2006 ዓ.ም. የይግባኝ መብታቸው እንዲጠበቅ ተወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ክሱ በ2010 ዓ.ም. ተቋርጦ ተፈቱ፤ በኋላም ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል። እኔ የምጠይቀው ለዋና ዳይሬክተሩ የተከበረው ይግባኝ ለሞያሌው ፈታሽና ለቃሊቲው መዝገብ ያዥም እንዲከበር ነው። በጥርጣሬ ላይ የቆመ ውሳኔ ለላዩም ለታቹም እኩል አስፈሪ ነው።

ሥርዓቱን ሳይከተሉ ማሰናበት ከደንብ 155 በፊትም ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱ፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ የጠፋውን ዕውቀት አገሪቱ ዛሬም ድረስ አልተካችውም ብዬ አምናለሁ።

በመደበኛው ሕግ የተጻፈው ጥበቃ በወረቀት ላይ ደህና ነው። የዲሲፕሊን ቅጣቶቹ ከቃል ማስጠንቀቂያ ጀምረው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በደመወዝ መቀጮና ከደረጃ ዝቅ በማድረግ አልፈው እስከ ስንብት ይደርሳሉ። በደንብ ቁጥር 77/1994 መሠረት ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሠራተኛው ራሱ የሚመርጣቸው አባላት አሉበት፤ ተከሳሹ ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ መልስ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። የሥራ መደብ ቢሰረዝ እንኳ ሠራተኛው በሌላ መደብ ሊመደብ ይገባል፤ ያ ካልተቻለ በአዋጅ 515 ለመጀመሪያው ዓመት የሦስት ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ እንዲከፈለው ተደንግጎ ነበር። አዋጅ 1064 ደግሞ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳደገ፣ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጠ፣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዘዘ። ሪፎርም ጥበቃን የሚያሳንስ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ይህ ይጠቀሳል።

ችግሩ ያለው ማንም ቅጣት ብሎ በማይጠራቸው ነገሮች ውስጥ ነው። አለቃውን የተናገረ ሠራተኛ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አይቀርብም፤ ይዛወራል። ወይም የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይሞላለታል። ያ ቅጽ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ሳይጠየቅ ተሞልቶ “እዚህ ጋ ፈርም” ተብሎ ይቀርባል፤ የሚፈርመውም ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ስለፈረመ ነው። ዓመት ቆይቶ ድልድል ሲመጣ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ፣ የማህደር ጥራትና ያ ውጤት ተደምረው ነጥብ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጥቂት ነጥብ የጎደለበት ሰው ምክንያቱን ወደ ኋላ ሄዶ ቢፈልግ በሰዓቱ ያልተቃወመው ቅጽ ላይ የራሱን ፊርማ ያገኛል። አቤቱታ ቢያቀርብም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ተመልሶ የሚሄደው ድልድሉን ወዳጸደቀው ኃላፊ ነው። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱም ራሱ የአስፈጻሚው አካል አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል፤ በዚያ ላይ ብዙ ሠራተኛ መኖሩንም አያውቅም።

አሁን ደግሞ የብቃት ምዘና አለ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሥሩ ያሉ ተቋማትን ሠራተኞች ከድልድል በፊት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ፈተና ላይ አስቀመጠ። የሃምሳ ዓመት ሰዎች እርሳስና መቅረጫ ይዘው ከልጆቻቸው እኩያ ጋር ወንበር ተጋሩ። አዲሱ አዋጅ 1353ም ብቃትን መመዘን ከዋና መሠረቶቹ አንዱ አድርጎታል። እኔ ፈተናን አልቃወምም፤ ከሹም ዝምድና ፈተና ይሻላል። ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛን የሚፈትነው ጥያቄ ስለ መዝገብ አያያዝ ነው ወይስ ስለ ፖሊሲ ሰነድ? የወደቀ ሰው የፈተና ወረቀቱን ማየት ይችላል? እርማቱ ተሳስቷል የሚል የት ይሄዳል? ፈተናው የሚለካው ሰውየው የሚሠራውን ሥራ ካልሆነ፣ ውጤቱ በኮምፒውተር ቢታረምም ፍትሕ አይሆንም። የብሔር ተዋፅኦ ጉዳይም እንዲሁ በግልጽ ልክ ይፈልጋል። የአዋጅ 515 አነጋገር ጥሩ ነበር፤ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በቁጥር አነስተኛ ውክልና ያላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ የሚያገኙት ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው ይል ነበር። ይህ ወሰን ካልተጠበቀ ሠራተኛው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሙያው ሳይሆን በመታወቂያው ተቀምጫለሁ ብሎ ማሰብ ይጀምራል።

ስለ ደመወዝ ባጭሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የዝቅተኛውን እርከን መነሻ ወደ 4,760 ብር አሳድጎ ከፍተኛውን 21,492 ብር ላይ አደረገ፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። ለታችኛው ሠራተኛ ቅድሚያ መስጠቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሠንጠረዡ ምንም ቢያምር ደመወዙ በወሩ ካልወጣ ዋጋ የለውም። በትግራይ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈላቸውን የ17 ወር ደመወዝ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ በደቡብ አንዳንድ ዞኖችም ለወራት ሳይከፈላቸው ያስተማሩ መምህራን አሉ። እነዚህ ሰዎች ምን አጥፍተው እንደተቀጡ ማንም ሊነግራቸው አልቻለም።

ሰው ብቻውን አቤት ሲል የሚሰማው ከሌለ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ማኅበር የመመሥረት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ብሎም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የወጡት አዋጆች 262፣ 515 እና 1064 ይህን አልወሰኑም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም። ስለዚህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በማኅበሩ በኩል የኅብረት ስምምነት ሲደራደር፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የምትደራደርበት ጠረጴዛ የለም። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነት የሚደነግገውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የድርጅቱ ባለሙያዎችም ስለ መንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ደጋግመው ጠይቀዋል።

መብቱን ለመጠቀም የሞከሩ ዋጋ ከፍለውበታል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታስረዋል፤ የማኅበሩ አመራር አባል አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን ለመንግሥት አቅርበው መልስ ሲጠባበቁ ቆዩ፤ የሰጡት ቀነ ገደብ ሲያልፍ በግንቦት በከፊል ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ነርስ ጥያቄዋን ይዛ የምትቀመጥበት ሕጋዊ ወንበር ቢኖራት ኖሮ፣ ታካሚውም ሐኪሙም መንግሥትም ከዚያ ይድኑ ነበር።

አዋጅ ሲጸድቅ ጋዜጣ ይጽፋል፤ መመሪያ ሲጻፍ ግን ማንም አያይም። የሠራተኛው ዕድል የሚወሰነው እዚያ ነው። በ1353 ሥር የሚወጡት የድልድል፣ የምዘናና የቅሬታ መመሪያዎች የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ነጥብ ከነዝርዝሩ ከስም ዝርዝሩ ጋር አብሮ እንዲለጠፍ ያዝዙ። ድልድሉን ያጸደቀ ሰው ቅሬታውን በሚወስነው ቦታ አይቀመጥ። የአፈጻጸም ቅጹ ሠራተኛው አንብቦ አልስማማም ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ይኑረው፤ ያንን በመጻፉም አይጠየቅ። ያልተመደበ ሠራተኛ በሦስት ቀን ውስጥ ምክንያቱ በተፈረመ ደብዳቤ ይድረሰው፣ አቤቱታው እስኪወሰን ደመወዙ አይቋረጥ። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱም ዳኞቹን ከሚሾመውና በጀቱን ከሚሰጠው አስፈጻሚ ወጥቶ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ሥር ይግባ። በጥርጣሬ ብቻ የማሰናበትና ፍርድ ቤትን የመዝጋት ሥልጣን ለየትኛውም የመንግሥት ተቋም ኃላፊ፣ በአዋጅም ይሁን በደንብ፣ ዳግመኛ አይሰጥ።